የካልቬራ ጥያቄ፦ የአክሽን ፊልም ገጸ ባሕርያት ሞታቸውን እያወቁ ለምን ይፋለማሉ?

መግቢያ

በ1960 ለእይታ የበቃው የጆን ስተርጅስ ፊልም «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የሽፍቶቹ አለቃ ካልቬራ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ነፍሱ ከመውጣቷ በፊት የመታውን ሰው፣ ክሪስን፣ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ እንደ ክሪስ ያለ ሰው እንዲህ ወዳለ ቦታ ለምን ተመልሶ መጣ? ክሪስ አይመልስለትም። ካልቬራም መልሱን ሳይሰማ ይሞታል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ክሪስና ስድስት ባልደረቦቹ አንዲት የሜክሲኮ መንደርን ከሽፍታ ለመጠበቅ የተቀጠሩ ታጣቂዎች ሲሆኑ፣ የተስማሙበት ክፍያ ለ6 ሳምንት ሥራ በነፍስ ወከፍ 20 ዶላር ብቻ ነበር። ከቀጠሯቸው ገበሬዎች መካከል በፍርሃት የተያዙት አሳልፈው ሰጥተዋቸዋል። ካልቬራም ከማረካቸው በኋላ ሊገድላቸው ሲችል ከመንደሩ አስወጥቶ፣ መሣሪያቸውን መልሶ አሰናብቷቸዋል። ውሉ ፈርሷል፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጠላት ቁጥርም ከእነርሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም ስድስቱ ለመመለስ ይወስናሉ፤ ሰባተኛውም ዘግይቶ ይከተላቸዋል። ውጊያው ሲያበቃ ከሰባቱ አራቱ ሞተዋል።

ለካልቬራ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው «ጀግኖች ስለሆኑ ነው» የሚል ነው። ይህ ድርጊቱን በሌላ ስም ይጠራዋል እንጂ አያብራራውም። ሁለተኛው ደግሞ «ፊልሙ በትልቅ ውጊያ መደምደም ስላለበት ነው» ይላል። ይህ መልስ ውጊያው ለዳይሬክተሩና ለፊልም ኩባንያው ለምን እንዳስፈለገ ያስረዳል። ተመልካቹ የገጸ ባሕርያቱን ውሳኔ ለምን እንደሚያምን ግን አያስረዳም። ትልቅ ውጊያ እያላቸው መደምደሚያቸው የማይታመን ፊልሞች ብዙ ናቸውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለየ መልስ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ «የመጨረሻ ፍልሚያ» የሚባለው፣ ገጸ ባሕርያት ሞት ወይም ሽንፈት እንደሚጠብቃቸው እያወቁ ለመዋጋት የሚወስኑበት የታሪክ ክፍል ነው። የጽሑፉ መከራከሪያም የሚከተለው ነው፦ እነዚህ ገጸ ባሕርያት ሞትን አይመርጡም። የሚመርጡት ሰውን ጥሎ የሄደ ሰው ሆኖ አለመኖርን ነው፤ ሞት የምርጫው ዋጋ እንጂ ግቡ አይደለም። ተመልካቹ ይህን የሚቀበለው ፊልሙ ከፍልሚያው በፊት ሁለት ነገሮችን ካሟላ ነው፤ ክፍት በር ካሳየና ያልተከፈለ ዕዳ ካስመዘገበ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍርድ ወደ ምርጫ

የመጨረሻ ፍልሚያ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሁልጊዜ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም። በ1930 የወጣውና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ መተግበር የጀመረው «የፕሮዳክሽን ኮድ» የተባለው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ወንጀል የተመልካችን ርኅራኄ እንዳያገኝና ወንጀለኛም ሳይቀጣ እንዳይቀር ያስገድድ ነበር። በጆሴፍ ብሪን ይመራ የነበረው ጽሕፈት ቤት ስክሪፕቶችን ገና ከመቀረጻቸው በፊት ይመረምር ስለነበር፣ የሽፍታው ወይም የወንበዴው ዕጣ ፈንታ ታሪኩ ሳይጀመር የተወሰነ ያህል ነበር።

የዚያን ዘመን ሁለት የራውል ዋልሽ ፊልሞች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በ1941 በቀረበው «ሃይ ሲዬራ» ሃምፍሪ ቦጋርት የተጫወተው ሮይ ኧርል ተራራ ላይ ተከቦ በአነጣጣሪ ተኳሽ ይገደላል። በ1949 በቀረበው «ዋይት ሂት» ደግሞ ጄምስ ካግኒ የተጫወተው ኮዲ ጃሬት በአንድ ፋብሪካ የጋዝ ማጠራቀሚያ ላይ ወጥቶ በእሳት ይጠፋል። ሁለቱም ትዕይንቶች ኃይለኛ ናቸው፤ ሁለቱም ሰዎች እጅ አይሰጡም። ነገር ግን የሚሞቱት መሸሻ ስላጡ ነው። ለሁለቱም ከተራራውና ከማጠራቀሚያው በኋላ የቀረላቸው መንገድ የለም። ሞታቸው በሕግ የተፈረደ ፍርድ ሲሆን፣ ለእነርሱ የተተወላቸው የአሟሟቱ ሁኔታ ብቻ ነው።

ደንቡ በ1960ዎቹ እየላላ ሄዶ በኖቬምበር 1968 ፊልሞችን እንደ ተመልካች ዕድሜ በሚመድብ ሥርዓት ተተካ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁን 1969፣ የሳም ፔኪንፓ «ዘ ዋይልድ በንች» ለእይታ በቃ። አሁን ሽፍቶች እንዲሞቱ የሚያስገድድ ደንብ የለም። ፔኪንፓ ፈልጎ ቢሆን ወርቃቸውን ይዘው ሊያሻግራቸው ይችል ነበር። ስለዚህ የገጸ ባሕርያቱ ሞት ከታሪኩ ውስጥ የመነጨ ምክንያት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። በእርግጥ በምርጫ ላይ የተመሠረተ ፍልሚያ ከ1968 በፊትም ነበር፤ የክሪስና የባልደረቦቹ መመለስ ራሱ ምስክር ነው። ለውጡ ያረፈው በተለይ ሕግ አፍራሽ በሆኑ ገጸ ባሕርያት ላይ ነው። ቀድሞ በፍርድ ይሞቱ የነበሩት፣ ከዚያ ወዲህ በውሳኔ መሞት ቻሉ።

ክፍት በር

ፍርድንና ምርጫን የሚለየው የመጀመሪያው ምልክት በር ነው። ገጸ ባሕርዩ መሄድ ይችል እንደነበር ተመልካቹ በዓይኑ ማየት አለበት። ማምለጫ የሌለው ሰው መዋጋቱ ስለ ማንነቱ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የተከበበ አውሬም ይዋጋል።

በዚሁ በ1969 የቀረበው የጆርጅ ሮይ ሂል «ቡች ካሲዲ ኤንድ ዘ ሰንዳንስ ኪድ» ልዩነቱን ግልጽ ያደርጋል። ሁለቱ ሽፍቶች በቦሊቪያ ቆስለው አንድ ክፍል ውስጥ ተጠልለዋል። ውጭ የሚጠብቃቸው ጥቂት ፖሊስ ይመስላቸዋል፤ ተመልካቹ ግን የጦር ሠራዊት ደርሶ ጣሪያውን ሁሉ እንደያዘ ያያል። እነርሱ ቀጥሎ ወደ አውስትራሊያ ስለ መሄድ ይከራከራሉ። ከዚያ እየተኮሱ ይወጣሉ፤ ምስሉም በዚያው ቅጽበት ቆሞ ይቀራል። ትዕይንቱ በፊልም ታሪክ እጅግ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ትርጉም የመጨረሻ ፍልሚያ አይደለም። ቡችና ሰንዳንስ ለማምለጥ እየሞከሩ ናቸው፤ ሞታቸውን የሚያውቀው ተመልካቹ ብቻ ነው። የትዕይንቱ ኀዘንም የሚመነጨው ከዚህ የዕውቀት ልዩነት እንጂ ከውሳኔ አይደለም።

የስቲቨን ስፒልበርግ «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» (1998) በተቃራኒው በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ወታደር ራያን ሦስት ወንድሞቹ በጦርነቱ ስለሞቱ ወደ እናቱ እንዲመለስ ትእዛዝ ወጥቶለታል። ካፒቴን ሚለርና ጭፍራው ሊወስዱት መጥተዋል፤ ለዚህም ሲባል ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ራያን ግን በድልድዩ ላይ የቀሩትን ጥቂት ጓደኞቹን ጥሎ መሄድ እንደማይችል ይናገራል። እዚህ ላይ መሄድ ሕጋዊ ነው፤ ትእዛዝም ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። የራያን እምቢታ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሚለርም ትእዛዙን አስፈጽሞ መመለስ ሲችል ከእርሱ ጋር ለመቆየት ይወስናል።

የጋሬት ኤድዋርድስ «ሮግ ዋን» (2016) ይህንኑ በሌላ መልክ ያደርገዋል። የአማፂዎቹ ምክር ቤት ዘመቻውን አልፈቀደም። ስለዚህ ወደ ጠላት ምሽግ የሚሄዱት ሰዎች ማንም ያላዘዛቸው ናቸው፤ ቢቀሩ ለምክር ቤቱ ታዘዙ እንጂ ፈሩ አይባሉም።

ያልተከፈለ ዕዳ

ክፍት በር ምርጫ መኖሩን ያሳያል፤ ለምን እንዳልወጡበት ግን አይናገርም። ይህን የሚያስረዳው ዕዳ ነው። በሚገባ የተሠራ የመጨረሻ ፍልሚያ በሴራው ጡዘት ላይ ድንገት አይፈነዳም፤ ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ በንግርና በምልሰት የተመዘገበ ዕዳ አለው። «ዘ ዋይልድ በንች» ለዚህ ከሁሉ የተሟላ ምሳሌ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1913፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር አካባቢ፣ በሜክሲኮ አብዮት ዘመን ነው። የሽፍቶቹ መሪ ፓይክ ቢሾፕ ደጋግሞ የሚሰብከው አንድ መርሕ አለው፤ ከሰው ጋር የወገነ እስከ መጨረሻው ከዚያ ሰው ጋር መቆም አለበት፣ አለበለዚያ ከእንስሳ አይለይም። ፊልሙ ግን ፓይክ ይህን መርሕ ሲያፈርስ ደጋግሞ ያሳያል። በመክፈቻው ዝርፊያ ላይ አንድ ወጣት ታጋቾችን እየጠበቀ እንዲቆይ አዝዞት ጥሎት ይሄዳል። ኋላም ወጣቱ የሽማግሌው ባልደረባቸው የሳይክስ የልጅ ልጅ እንደነበረ ይረዳል። በምልሰት ደግሞ የቀድሞ ጓደኛው ዲክ ቶርንተን በፓይክ ግድየለሽነት ቆስሎ ሲያዝ፣ ፓይክ ራሱ ሲያመልጥ እናያለን። አሁን ቡድኑን እያሳደደ ያለውም ይኸው ቶርንተን ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ኤንጅል ነው። ይህ ወጣት ሜክሲኳዊ ሽፍቶቹ ለጄኔራል ማፓቼ ከዘረፉት የጦር መሣሪያ አንዱን ሣጥን ለመንደሩ ሰዎች ይሰጣል። ማፓቼ ይህን ሲደርስበት ኤንጅልን ይይዘዋል፤ አብሮት የነበረው ደችም ብቻውን ትቶት ለመውጣት ይገደዳል። ቡድኑ እንደገና ወደ ማፓቼ ሰፈር ሲመለስ ኤንጅል በመኪና ኋላ ታስሮ ሲጎተት ያያሉ። ፓይክ ከወርቁ ከፍሎ መልሶ ሊገዛው ይሞክራል፤ አይሳካለትም። ከዚያ በኋላ መጠጥና ሴት ወዳለበት ይሄዳሉ። አራቱም ሕያው ናቸው፤ ወርቅ አላቸው፤ ማፓቼም እንደ እንግዳ ተቀብሏቸዋል። በሩ ክፍት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የሚሆነው በጣም አጭር ነው። ፓይክ ይነሣል፤ ወደ ሁለቱ ወንድማማች ባልደረቦቹ ክፍል ገብቶ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ አንደኛውም በጥቂት ቃል ይስማማል። ውጭ ተቀምጦ የነበረው ደች ሲያያቸው ነገሩ ይገባዋል። ክርክር የለም፤ ንግግርም አይደረግም። ውሳኔው ማብራሪያ የማያስፈልገው ዕዳው ለሁለት ሰዓት ያህል በተመልካቹ ፊት ሲቆጠር ስለቆየ ነው።

ሁኔታውን ይበልጥ የሚያጎላው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አራቱ ሰዎች ኤንጅልን ሲጠይቁ ማፓቼ በፊታቸው ያርደዋል፤ እነርሱም ወዲያው ማፓቼን ይገድሉታል። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። የማፓቼ ወታደሮች ደንግጠው ቆመዋል፤ የሚተኩስ የለም። ኤንጅል ሞቷል፤ ገዳዩም ሞቷል፤ የሚያድኑት ሰው የለም። ለአንድ አፍታ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ የተከፈተ ይመስላል። ፓይክ ግን ጀርመናዊውን መኮንን ይተኩስበታል፤ እልቂቱም ይጀመራል። ይህ ሁለተኛ ተኩስ ለኤንጅል አይደለም። ስለ ቶርንተን፣ ስለዚያ ወጣት፣ ሲሰበክ ስለኖረውና ስላልተጠበቀው ቃል የሚከፈል ነው።

ዕዳው የግድ ለአንድ ሰው አይሆንም። በ«ሮግ ዋን» ካሲያን አንዶርና ጓዶቹ ለዘመቻው የሚነሡት፣ ለአማፂው ወገን ብለው የፈጸሙት ክፉ ሥራ ሁሉ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር ነው። የ«ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» ምንጭ በሆነው የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) ደግሞ ዕዳው አንድ ሳህን ሩዝ ነው። ገበሬዎቹ ለሳሙራዮቹ ሩዝ እያበሉ ራሳቸው ዝቅተኛ እህል እንደሚመገቡ ካምቤይ ሲረዳ፣ ቀድሞ እምቢ ያለውን ሥራ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ሕይወት ሁሉ መነሻው ያ ሳህን ነው።

የሚተርፈውና የሚመሰክረው

የመጨረሻ ፍልሚያ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ይተርፈዋል፤ የተረፈውም ምስክር ይሆናል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል እንደሚያመለክተው፣ ስም ከመቃብር በላይ እንዲውል የሚያውለው ሕያው ሰው ያስፈልጋል። የዛክ ስናይደር «300» (2006) ይህን የታሪኩ አወቃቀር አድርጎታል። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርከው ዲሊዮስ ነው፤ ንጉሥ ሊዮኒዳስ ከሞቱ በፊት ታሪኩን ይዞ እንዲሄድ የላከው ወታደር። ስለዚህ የምናየው ውጊያ ዲሊዮስ ሌሎች ወታደሮችን ለማነሣሣት የሚናገረው ውጊያ ነው።

ምስክር ግን ይመርጣል። የፊልሙ መነሻ በሆነው፣ በ480 ዓመተ ዓለም በቴርሞፒሌ በተካሄደው ውጊያ፣ ከስፓርታውያን ጋር 700 የሚሆኑ የቴስፒያ ሰዎች እስከ መጨረሻው እንደቆዩ ሄሮዶቱስ ጽፏል። በፊልሙ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የሉም። ቁጥራቸው ከ300 በእጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ በርዕሱም በትረካውም ቦታ አላገኙም።

በ«ዘ ዋይልድ በንች» ምስክሩ ቶርንተን ነው። ዘግይቶ ደርሶ የቀድሞ ጓደኛውን ሬሳ ያገኛል፤ ሽጉጡን ይወስዳል፤ በሰፈሩ በር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። አይፎክርም፤ የሚተርክለት ሰውም የለም። በ«ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ደግሞ የተረፈው ሰው ዕዳውን ይወርሳል። አረጋዊው ራያን በሚለር መቃብር ፊት ቆሞ መልካም ሰው ሆኖ ኖሮ እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቃል። የሞቱት የከፈሉት ዕዳ ሲዘጋ፣ በእርሱ ላይ ሌላ ተከፍቷል።

ከስሌቱ የሚቀሩት

እስካሁን የቀረበው ማብራሪያ ውሳኔው ለምን እንደሚታመን ያስረዳል፤ ትክክል መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ሁለቱ ጉዳዮች በአክሽን ፊልም ውስጥ በቀላሉ ይቀላቀላሉ። ተመልካቹ ዕዳውን ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ሲቆጥር ስለቆየ፣ ክፍያው ሲፈጸም እፎይታ ይሰማዋል። በዚያ እፎይታ ውስጥ ከዕዳው ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች ይረሳሉ።

ፔኪንፓ ይህን እንዳንረሳ የሚያደርግ ነገር በፊልሙ ውስጥ አስቀምጧል። በመክፈቻው ዝርፊያ በሁለቱ ወገኖች ተኩስ መካከል የሚወድቁት በሰልፍ የሚያልፉ የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። በመጨረሻው እልቂትም ደች አንዲትን ሴት እንደ ጋሻ ይጠቀማል። ፓይክን የሚያቆስሉትና የሚጥሉት አንዲት ሴትና የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ናቸው። አራቱ ሰዎች ለራሳቸው ቃል ሲሉ የከፈሉት ዋጋ የእነርሱ ሕይወት ብቻ አልነበረም። ለኤንጅል ደግሞ የደረሱት ከረፈደ በኋላ ነው፤ ሲጎተት ባዩት ቀን ቢነሡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም። በዚህ አንጻር የመጨረሻ ፍልሚያ የታማኝነት ምልክት ብቻ ሳይሆን የዘገየ ታማኝነት ምልክትም ነው። በጊዜው የተጠበቀ ቃል እንዲህ ያለ ክፍያ ላያስፈልገው ይችላል።

«ሰባቱ ሳሙራይ»ም ሆነ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን» የሚደመደሙት በድል ኩራት አይደለም። በሁለቱም ፊልሞች የተረፉት መሪዎች ያሸነፉት ገበሬዎቹ እንጂ ተዋጊዎቹ እንዳልሆኑ ይናገራሉ። በኩሮሳዋ ፊልም ገበሬዎቹ ሩዝ ሲተክሉ ካምቤይ በኮረብታው ላይ ያሉትን አራት መቃብሮች ይመለከታል። መንደሩ ተርፏል፤ የሞቱት ግን የመንደሩ ሰዎች ሆነው አልሞቱም። ፊልሙ ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይዘጋል።

ማጠቃለያ

ካልቬራ መልሱን ያላገኘው ሰባቱን በራሱ ሚዛን ስለመዘናቸው ነው። እርሱ የሚያውቀው የትርፍና የኪሳራ ሂሳብ ሲሆን፣ በዚያ ሂሳብ መመለሳቸው በእርግጥ ትርጉም የለውም። ከሰባቱ መካከል እንደ ካልቬራ የሚያስበው ሃሪ ነው። መንደሩ የተደበቀ ወርቅ እንዳለው ከመጀመሪያው ይጠረጥራል፤ ለመመለስ ሲወሰንም ብቻውን ይለያል። ኋላ ግን ተመልሶ ክሪስን ሲያድን ይመታል። ሊሞት ሲል ወርቅ እንደነበረ እንዲነግረው ክሪስን ይለምነዋል፤ ክሪስም ነበረ ብሎ ይዋሸዋል። ሃሪ የተመለሰው ለወርቅ አልነበረም፤ የተመለሰበትን ምክንያት ግን ከወርቅ በቀር በሌላ ቋንቋ መናገር አልቻለም።

የመጨረሻ ፍልሚያን የሚያጠና ተመራማሪ ከውጊያው ስፋትና ከሟቾቹ ቁጥር ይልቅ ከውጊያው በፊት ያለውን የፊልሙን ክፍል መመርመር ይጠቅመዋል። መነሣት ያለባቸው ጥያቄዎችም ሦስት ናቸው። ገጸ ባሕርዩ መሄድ ይችል ነበር? ሄዶ ቢሆን ማንን ጥሎ በሄደ ነበር? ቀርቶ ሲዋጋስ የማንን ሕይወት አስከፈለ? የመጀመሪያው ጥያቄ ፍርድን ከምርጫ ይለያል። ሁለተኛው ምርጫውን ያብራራል። ሦስተኛው ለምርጫው የምንሰጠው አድናቆት እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚገባው ያሳያል፤ በአክሽን ፊልም ውስጥ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረውም ይኸው ነው።